ሃርድ ዲስኩን መልስ፣ ከዚያ እንነጋገር

ደብዳቤው ረጅም ነበር፤ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አራት ሆነን የሮክ ባንድ ከመሠረትን አምስት ዓመት ሊሞላን ነው። እኔ ሊድ ጊታር ነኝ። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ በቤዚስታችን አክስት ግቢ ባለች አንዲት ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነበር የምንለማመደው፤ ሰፈሩ እስኪፈርስ ድረስ። አሁን የመጀመሪያ አልበማችን አልቋል፤ ዘጠኝ ዘፈን ነው። ባለፈው ሳምንት የሽፋኑ ዲዛይን በቴሌግራም ተላከልን። ከላይ እስከ ታች "ግጥምና ዜማ" የሚለው ላይ የድምፃዊያችን ስም ብቻ። ከሥር በትንንሽ ፊደል "ቅንብር፦ ባንዱ"። ሁለቱ ዘፈኖች የተሠሩት እኔ ባመጣሁት የጊታር ሪፍ (እየተደጋገመ በሚመለስ አጭር የጊታር ሐረግ) ላይ ነው። አንዱን ደግሞ አባቴ ባረፈ ሰሞን ግጥሙንም ዜማውንም ብቻዬን ነው የሠራሁት። ስጠይቀው "ሪፍ ዜማ አይደለም፤ ደግሞም ቅኝቱ ባቲ ነው፤ ባቲ ያንተ ነው እንዴ?" አለኝ። የአባቴን ዘፈን ሳነሳበት "ሁለት ስንኝ ቀይሬልሃለሁ እኮ" አለ። ቤዚስቱ አምና አሜሪካ ሄዷል፤ እሱም "የኔስ?" ማለት ጀምሯል። ስቱዲዮውን የከፈለው የድራመራችን ታላቅ ወንድም "አልበሙ የኔ ነው" ይላል። በንዴት የቅጂው ፋይል ያለበትን ሃርድ ዲስክ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ስልክም አላነሳም። አይቆጡኝ እንጂ፣ ልክ ነኝ?»
ሊድ ጊታሪስቱ፣ ከፒያሳ

ወንድሜ፣ ግማሽህ ልክ ነው። ሌላው ግማሽህ ሃርድ ዲስክ ሰርቋል።

መስረቅ ማለቴ በዝቶብህ ይሆናል። ግን ድምፃዊያችሁ ነገ ለሰው ሲያወራ የሚጠቀምበት ቃል እሱ ነው፤ ከወዲሁ ልመደው። እዚያ ዲስክ ውስጥ ያንተ ጊታር ብቻ የለም። የአራት ሰው ላብ አለ፣ የአንድ ሰው ብር አለ። ዛሬ ተበዳይ ነህ። ዲስኩን ቁም ሳጥንህ ውስጥ ቆልፈህ አንድ ወር ከቆየህ ግን ሽማግሌ ፊት ስትቀርቡ ወሬው ሁሉ «ዕቃ ይዞ ጠፋ» ይሆንና ስለ ሪፍህ የሚጠይቅህ ሰው አታገኝም። ስለዚህ የፋይሎቹን ስምና ቀን የሚያሳየውን ገጽ ፎቶ አንሳ፣ ዲስኩን በፌስታል ጠቅልል፣ ድራመሩ ባለበት አስረክብ። ስልክህንም አብራ።

አሁን ወደ ሪፉ።

የኛ አገር አልበም ሽፋን ሦስት መሳቢያ ነው ያለው፦ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። እኔ ካሴት መግዛት ከጀመርኩበት ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ነው። ገጣሚው ግጥሙን ይሰጣል፣ የዜማ ደራሲው እያንጎራጎረ ዜማውን ያስጠናል፣ አቀናባሪው ይረከባል፣ ድምፃዊው ይዘፍናል፣ ፎቶውም ሽፋኑ ላይ ይወጣል። ባንዱ አጃቢ ነው። ሮሃ ባንድን አስበው፤ በካሴቱ ዘመን ስንቱን ድምፃዊ አጅቧል፣ ፊት ለፊት የሚወጣው ግን ሁሌም የድምፃዊው ስም ነበር። ለዚያ ዓይነት አሠራር ሦስቱ መሳቢያዎች ይበቁ ነበር ማለት ይቻላል።

የናንተ ዘፈን ግን በዚያ መንገድ አልተሠራም። እንደነገርከኝ ከሆነ ድራመሩ አንድ ነገር መምታት ይጀምራል፣ አንተ ትመልስለታለህ፣ ቤዚስቱ ከሥር ይገባል፣ ድምፃዊው ቃል እስኪመጣለት «ላ ላ ላ» እያለ ሲዞር ይመሻል፣ መብራት ይሄዳል፣ በሦስተኛው ሳምንት ዘፈን ሆኖ ታገኙታላችሁ። ታዲያ ሪፉ የትኛው መሳቢያ ይግባ? እኛ ዘንድ ዜማ ሲባል ሰው የሚዘፍነው ማለት ነው። ሪፍ አይዘፈንም። ስለዚህ ማንም ክፉ ሳያስብ ወደ «ቅንብር» ይንሸራተታል፣ ቅንብር ደግሞ «ባንዱ» ነው፣ አለቀ። ይህን የምልህ ድምፃዊያችሁ ሌባ ላይሆን ስለሚችል ነው። ሁሉም ሰው የሚሞላውን ፎርም ሞላ። ከጃኖ ባንድ ወዲህ እንኳ በአማርኛ ሮክ ሲባል «ድርሰቱ የማን ነው?» ለሚለው የረጋ ልማድ ገና የለንም። ልማዱን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። (የአባትህ ዘፈን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እደርስበታለሁ።)

ሕጉስ? የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱን በነዚያ ሦስት መሳቢያዎች አይቆልፍም። «የሥራ አመንጪ» የሚለው ቃል አለው። ሥራውን ማን አመነጨው? ጥያቄው ይኸው ነው። ሥራው ወጥ መሆን አለበት፣ ማለትም ከሌላ ያልተቀዳ። ደግሞም አንድ ነገር ላይ ሰፍሮ መገኘት አለበት፦ ወረቀት ላይ ይሁን፣ ቅጂ ላይ ይሁን። ጭንቅላትህ ውስጥ ብቻ ያለ ሪፍ ሕጉ አያውቀውም። ስልክህ ላይ የቀዳኸው ሪፍ ግን፣ ከጀርባው የአክስት ዶሮ ቢጮህበትም፣ ተቀድቷል። ምዝገባም ግዴታ አይደለም፤ መብቱ የሚወለደው ሥራው ሲወለድ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ከመናደድ ይልቅ ስልክህን በርብር። የባንዱ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ወደ ኋላ ሂድ፣ እስከ ዶሮ ማነቂያ ዘመን ድረስ። «እቺን ስሟት እስኪ» ብለህ የላክሃት የ20 ሰከንድ ቮይስ የሆነ ቦታ አለች፤ ቀኗም አብሯት አለ። ከሥሯ ድምፃዊው እሳት ለጥፎባት ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ።

የባቲ ነገር። እዚህ ላይ ድምፃዊያችሁ ግማሽ እውነት ይዟል፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ክርክር ላይ በጣም ያስቸግራል። ባቲ፣ ትዝታ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የማንም አይደሉም። ፊደልም የማንም አይደለም፤ በፊደል የጻፍከው ደብዳቤ ግን ያንተ ነው። ቅኝቱ የሁሉም ስለሆነ በቅኝቱ ላይ የተሠራው ሁሉ የሁሉም ነው ማለት ከሆነማ የሱም ዜማ የሁሉም ነው፤ እሱም በምን ቅኝት እንደዘፈነ ጠይቀው። ግን ወንድሜ፣ አንተም ራስህን ጠይቅ። ሪፍህ የክራር ተማሪ ጣቱን ሊያፍታታ ወጥቶ የሚወርድባት ዓይነት መሰላል ብቻ ከሆነች እሱ ልክ ነው። እኔ አልሰማኋትም። አንድ ቀላል ፈተና ልስጥህ፦ ዘፈኑን ለማያውቅ ሰው ሁለቴ አሰማውና ሳታግዘው ያፏጨው። ያፏጨው ያንተን ከሆነ የምትከራከርበት ነገር አለህ። ያፏጨው አዝማቹን ከሆነ ተረጋጋ።

ይህ ጠብ እናንተ ጋ አልተጀመረም። ፕሮኮል ሃረም የሚባሉት የእንግሊዝ ሮክ ባንድ «ኤ ዋይተር ሼድ ኦፍ ፔል» የሚለውን ዘፈን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ሰው ዘፈኑን የሚያውቀው በኦርጋኑ ነው፤ መንፈሱም ከጥንቱ ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ ከባኽ የተወረሰ ነው ይባላል፣ ያው የነሱ ባቲ በለው። ድርሰቱ ግን በድምፃዊውና በገጣሚው ስም ብቻ ተመዘገበ። ኦርጋኑን የተጫወተው ማቲው ፊሸር ዝም አለ፣ ዝም አለ፣ በ2005 ከሰሰ። 38 ዓመት ቆይቶ! በ2006 ፍርድ ቤት ከሙዚቃው ድርሻ 40 በመቶው የሱ ነው አለው፣ በ2008 ይግባኝ ሰሚው ስሙን ትቶለት ገንዘቡን ነሳው፣ በ2009 የአገሪቱ የመጨረሻው ዳኝነት፣ ያኔ ሃውስ ኦፍ ሎርድስ ነበር፣ ገንዘቡንም መለሰለት። ከሰሰበት ቀን ወዲህ ያለውን ግን ብቻ። የ38 ዓመቱ ሄደ።

ደስ አይበልህ፤ ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ስፓንዳው ባሌ የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ ሦስት አባላት፣ ድምፃዊው ቶኒ ሃድሊ ጭምር፣ ዘፈኖቹን ይጽፍ የነበረውን ጊታሪስታቸውን ጌሪ ኬምፕን ከሰሱ። ተሸነፉ። የውሳኔው ፍሬ ነገር፣ በኔ ቋንቋ ልበልህና፣ ኬምፕ ዘፈኑን ይዞላችሁ መጣ፣ እናንተ አሳምራችሁ ተጫወታችሁት፣ አሳምሮ መጫወት ግን መድረስ አይደለም። ሁለቱም የውጭ ፍርድ ናቸው፣ እኛን አያስገድዱም። ግን ከቤዚስቱ ጋር ስትነጋገር ሁለተኛው ይጠቅምሃል፣ ከድምፃዊው ጋር ስትነጋገር አንደኛው።

ቤዚስቱን ካነሳን፦ አሜሪካ መሄዱ ድርሻውን አይሰርዘውም። እዚህ እያለ የፈጠረው ካለ ያው የሱ ነው። ሰው የነገረውን ተከትሎ የተጫወተው ደግሞ የከዋኝ መብት ነው፤ አዋጁ ለተጫዋችም ራሱን የቻለ መብት ይሰጣል፣ ከድርሰት ግን ይለያል። ደውሉለት። እዚያ ማታ ሲሆን እዚህ ጠዋት ነው፤ ይመቻል።

የድራመሩ ወንድም። እዚህ ላይ አራታችሁም አጥፍታችኋል፤ ምክንያቱም ብሩን ስትቀበሉ ማናችሁም አልጠየቃችሁም። ብድር ነው? ስጦታ ነው? ወይስ ንግድ? ሰውዬው ለወንድሙ ብሎ ከፍሎ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ደግሞ ከመጀመሪያው «አልበም እያሠራሁ ነው» እያለ ለጓደኞቹ ሲያወራ ከርሞ ሊሆን ይችላል። ብር መክፈል የዘፈን ደራሲ አያደርግም፤ ይህን በግልጽ ንገሩት። ግን ቅጂውን አስቦ፣ አስተባብሮ፣ ኃላፊነቱን ወስዶ ያስቀዳ ሰው በቅጂው ላይ የፕሮዲውሰር መብት አለው፤ ይህ ከዘፈኑ መብት የተለየ ነው። ዘፈኑ አንድ ነገር፣ የተቀዳው ድምፅ ሌላ ነገር። «አልበሙ የኔ ነው» ሲላችሁ የትኛውን እንደሆነ ጠይቁት። ምናልባት እሱም አያውቀውም። ብሩን ከመጀመሪያው ገቢ ቀድሞ እንዲመለስለት ከተስማማችሁ ብዙው ጭቅጭቅ እዚያው ይሞታል የሚል ግምት አለኝ።

አሁን የአባትህ ዘፈን።

እዚህ ላይ አልደራደርም፤ አንተም አትደራደር። ግጥሙም ዜማውም ያንተ ከሆነ ስሙ ያንተ ነው። ሁለት ስንኝ ቀየርኩ ላለው፣ የትኞቹን? «ሄደ»ን «ሄድክ» አድርጎ ከሆነ ይህን ማንም ጓደኛ በነጻ ያደርገዋል። አዲስ ሐሳብ ያለው ስንኝ ጽፎልህ አንተም ወደኸው ከተቀበልከው ግን በግጥሙ ላይ ከስምህ ቀጥሎ ስሙ ይግባ፤ ቀጥሎ ነው፣ በፋንታው አይደለም። አዋጁ የሞራል መብት የሚለው ነገር አለው፤ የገንዘቡን መብት አሳልፈህ ብትሰጥ እንኳ «ሥራው የኔ ነው» የማለትና ስምህ እንዲጠራ የማድረግ መብት አይወሰድብህም። ያለፈቃድህ ይህን ዘፈን ማውጣትም አይችሉም። ይህ ትልቁ ካርድህ ነው፤ ጠረጴዛ እየደበደብክ ሳይሆን በለሆሳስ ነው የምትናገረው።

እኔም በጉብዝናዬ ጊዜ ለአንድ ድምፃዊ ግጥም ሰጥቼ፣ ካሴቱ ወጥቶ፣ ብሔራዊ ቲያትር ፊት ለፊት ቆሜ ሽፋኑን ሦስት ጊዜ ገለባብጬ ስሜን ፈልጌ ያጣሁ ሰው ነኝ። ለሚስቴ «ማተሚያ ቤት ተሳስቶ ነው» አልኳት። ያልተሳሳተ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ዘፈኑ ታክሲ ውስጥ ሲከፈት እስከ ዛሬ ሆዴ ይቆርጠኛል። ያኔ አንድ ቀን ቀድሜ ብናገር ኖሮ በአንድ ማኪያቶ የሚያልቅ ነገር ነበር። እናንተ ገና ሽፋኑ ዲዛይን ላይ እያለ አይታችሁታል፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

ምን ታደርጋላችሁ መሰለህ፦ ጠዋት ተገናኙ። ማታ አይሁን፣ ቢራ ያለበት ቦታ አይሁን፣ የማንም ቤት አይሁን። አራት ኪሎ አካባቢ ጸጥ ያለ ካፌ አይጠፋም። ቤዚስቱ በስልክ ይግባ። የዘጠኙን ዘፈን ስም ወረቀት ላይ ጻፉና እያንዳንዳችሁ ለብቻችሁ፣ ሳትተያዩ፣ «ይህን ዘፈን ማን ፈጠረው?» ለሚለው ስም ሙሉ። ከዚያ ወረቀቶቹን አንድ ላይ ዘርጉ። ስድስቱ ወይም ሰባቱ ላይ ተመሳሳይ ነገር ጽፋችሁ ብታገኙት አይገርመኝም። የቀረው ላይ ብቻ ነው የምትከራከሩት፤ ዘጠኙም ላይ ከመጣላት ሁለቱ ላይ መጣላት ይሻላል።

ብሩን በተመለከተ የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ገንዘቡን እኩል ተካፈሉ፣ ስሙን ግን እውነቱን ጻፉ። አር.ኢ.ኤም የሚባሉት የአሜሪካ ሮክ ባንድ ዘፈኖቻቸውን በሁሉም አባላት ስም እያወጡ በእኩል ሲካፈሉ ነው የኖሩት። እኔ ስማቸውን አልከተልም፤ አባቱን የቀበረ ሰው ዘፈን ላይ አራት ስም መደርደር አይመጣልኝም። ብሩ ላይ ግን ልክ ናቸው። አስበው፦ ድርሻው በዘፈን ከተከፈለ ለክሊፕ የሚመረጠው የማን ዘፈን ይሁን በሚለው እንደገና ልትጣሉ ነው፣ ድራመሩ ደግሞ «ለዚች አምስት ከመቶ» እያለ ልምምድ ማርፈድ ይጀምራል። መድረክ ላይ የሚገኘውን አሁንም እኩል ነው የምትካፈሉት፣ አይደል? ያንን ልማድ ወደ አልበሙ አምጡት። ድምፃዊው «ያለኔ ድምፅ ምን ትሆኑ ነበር?» ካለህ አትመልስለት፤ እውነቱን ነው፣ እሱም ያለናንተ ምን እንደሚሆን ሌሊት ያስበዋል።

ሽፋኑ ላይ ሦስቱን መሳቢያ ተዉትና ከእያንዳንዱ ዘፈን ሥር «ድርሰት» ብላችሁ ስሞቹን ጻፉ። የጊታሯ ነገር ካሳሰበህ «የጊታር ዜማ፦ እገሌ» ብሎ መጻፍን የሚከለክል የለም። ዲዛይን ነው፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የተስማማችሁትን በወረቀት አድርጉ፣ ሁላችሁም ፈርሙ፣ ሁለት ምስክር ይኑር። ቤዚስቱ ፈርሞ በስካን ይላክ።

ማንም ያላነሳውን አንድ ነገር ደግሞ ላንሳ። የዩቲዩብ ቻናላችሁ የተከፈተው በማን ኢሜይል ነው? አልበሙን ስፖቲፋይና አፕል ላይ የሚያወጣላችሁ አከፋፋይ ጋ ያለው አካውንትስ? የይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል? ሰው ስለ 40 በመቶና 60 በመቶ እየተከራከረ ብሩ የሚገባው ግን የአንድ ሰው አካውንት ውስጥ ነው። ቢያንስ ሁለት ሰው እጅ ይግባ።

የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዶ ማስመዝገብ ይቻላል፣ ጥሩ ማስረጃም ይሆናል። ግን ከስምምነቱ በኋላ፣ አብራችሁ ሂዱ። አሁን ተሽቀዳድመህ ብቻህን ብትሄድ ጦርነት አወጅክ ማለት ነው፤ እሱም ነገ ይከተልሃል። እምቢ ካለ ሽማግሌ ይግባ፣ ግን ቤተሰብ አይሁን። የናንተ እናቶች ስለ ሪፍ ምን ያውቃሉ፤ «ታረቁ» ብለው ያለቅሳሉ፣ ትታረቃላችሁ፣ ሽፋኑ እንዳለ ይወጣል። ባንድ ውስጥ የኖረ፣ ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ አንጋፋ አቀናባሪ ፈልጉ። ልደታ ፍርድ ቤት መመላለስ ከዚያ ሁሉ በኋላ የሚታሰብ ነው። ለአባትህ ዘፈን ከሆነ ሂድ፣ አይቆጭህም። ለሪፉ ግን እኔ አንተን ብሆን አልሄድም።

ዛሬ ለድምፃዊያችሁ እንዲህ ብለህ ጻፍለት፦ «ስልክ ስላላነሳሁ ይቅርታ። ዲስኩን ነገ አመጣለሁ። የአባዬ ዘፈን ላይ ስሜ ካልገባ አይወጣም፤ እሱን አውቀኸው እንድንገናኝ ነው። ሌላውን ተቀምጠን እንነጋገር። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ይመችሃል?» ከዚህ በላይ አትጨምር። ስለ ባቲ በጽሑፍ አትከራከር።

ዲስኩን ስትወስድ ኬብሉንም አትርሳ።